69 ሊምፎሳይት ብዬ የጻፍኩበት ሌሊት

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል። ስህተቱ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ እጽፈው ነበር፤ የሴል መቁጠሪያው መስታወት (ቻምበሩ) ላይ አጎንብሼ የቆጠርኩት ግን እኔው ነኝ። የምሠራው በአንድ የክልል ሆስፒታል ላብ ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የታካሚውንም የባልደረቦቼንም ማንነት የሚያሳብቅ ዝርዝር አውጥቻለሁ። ታካሚው ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዷል።

## ታካሚው

ዕድሜው በ30ዎቹ ውስጥ ነው። ራሱን ማመም ከጀመረው 3 ሳምንት ሆኖታል። መጀመሪያ ፓራሲታሞል ሲውጥ ይተወው ነበር፣ ከዚያ ማስመለስ መጣ፣ ከዚያ ብርሃን ጠላ፣ በመጨረሻ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ማየት ጀመረ። በመሃል ሁለት ክሊኒክ ሄዷል። በሁለቱም የተሰጠው መልስ ያው የምናውቀው ነው፦ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ»። መድኃኒቱን ጨረሰ፣ አልተሻለውም፣ ጠበል ሄደ።

(እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል። ዊዳልና ዌይል ፊሊክስ የሚባሉት የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራዎች ድሮ የያዘንን ኢንፌክሽን እያስታወሱም፣ ከሌላ በሽታ ጋር እየተምታቱም ፖዘቲቭ ይላሉ። በአንድ ጊዜ ናሙና ብቻ ሰው ላይ በሽታ መለጠፍ የለባቸውም። ይህ ሰው በእነሱ ምክንያት ሁለት ሳምንት አጥቷል።)

ወደ እኛ ድንገተኛ ክፍል የመጣው አርብ ማታ ነው፤ ባለቤቱና የባለቤቱ ወንድም ግራና ቀኝ ደግፈውት። ትኩሳቱ 37.8 ነበር። አንገቱ ትንሽ ገተር ብሏል እንጂ እንጨት አልሆነም። ተረኛዋ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የምትማር ሐኪም) ማጅራት ገትር ጠረጠረችና የጀርባ ውሃ እንዲቀዳ ወሰነች።

ቤተሰቡ እንደማንኛውም ቤተሰብ ፈራ። «ጀርባው ተወግቶ ሽባ ቢሆንስ?» ሬዚደንቷ ቁጭ ብላ አስረዳች። ህብለ ሰረሰሩ የሚያልቀው ከወገብ በላይ ነው፣ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው፣ እዚያ ያለው ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ የነርቭ ክር ብቻ ነው። ፈረሙ።

ወደ እኔ የደረሰው የምርመራ ወረቀት ላይ «ሲኤስኤፍ አናሊሲስ፣ ማጅራት ገትር ይጣራ» የሚል ብቻ ተጽፏል፤ ሲኤስኤፍ የምንለው ያንኑ የጀርባ ውሃ ነው። ስለ ሕመሙ የሚሞላው ሳጥን ባዶ ነው። 3 ሳምንት የሚለውም የለም፣ ስለ ኤችአይቪም ምንም የለም። እኔም ስልክ አንስቼ አልጠየቅኩም።

## አንድ ቱቦ

ውሃው የተቀዳው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። በደንቡ ሦስት ወይም አራት ንጹሕ ቱቦ ይሰለፋል፦ የመጀመሪያው ለኬሚስትሪ፣ ሁለተኛው ለባክቴሪያ፣ ሦስተኛው ለሴል ቆጠራ። መርፌው ሲገባ የሚያደማው ደም የመጀመሪያው ቱቦ ላይ ስለሚቀር ነው ቆጠራው ወደኋላ የሚደረገው። ያን ሌሊት ዋርዱ ውስጥ የተገኘው ንጹሕ ቱቦ አንድ ነበር። 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል ተቀዳ። ግፊቱ አልተለካም፣ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) የለንም። ሬዚደንቷ «ይንጠባጠብ ሳይሆን ይፈስ ነበር እኮ» ያለችኝ ከ4 ቀን በኋላ ነው።

ቱቦውን ይዞ የመጣው የባለቤቱ ወንድም ነው። መጀመሪያ ካሸር ጋ ከፍሎ፣ ማህተም አስመትቶ፣ ሁለት ቦታ «እዚህ አይደለም» ተብሎ፣ ከዚያ ነው ላብ የደረሰው። ጋቢው ውስጥ ወሽቆት ነበር። እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ይሁን እንዳይወድቅበት አላውቅም፣ ግን ሳያውቅ ልክ ነገር ሠርቷል፤ ሲኤስኤፍ ፍሪጅ ከገባ እንደ ሜኒንጎኮከስ ያሉ ብርድ የማይችሉ ባክቴሪያዎች ይሞቱና ካልቸር (ተህዋሲያን የሚበቅሉበት ምርመራ) ላይ አይበቅሉም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከተቀዳ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆኖታል። ኒውትሮፊል የምንላቸው ነጭ ሴሎች ደግሞ ከሰውነት በወጣ ፈሳሽ ውስጥ ብዙ አይቆዩም፣ በክፍል ሙቀት ሁለት ሰዓት ሲሞላቸው ግማሽ ያህሉ ፈራርሰው ያልቃሉ። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣ ናሙና ላይ «ሊምፎሳይት (ሌላው የነጭ ሴል ዓይነት) ይበዛል» ማለት ራሱ ሁለት ጊዜ ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

ፈሳሹን ብርሃን ላይ አንስቼ አየሁት። ጥርት ያለ፣ የቧንቧ ውሃ የሚመስል።

ተርክስ ሶሉሽን አልቋል። ለማያውቀው፣ ይህ አሴቲክ አሲድና ሐምራዊ ቀለም ያለበት ፈሳሽ ነው፤ አሲዱ ቀይ ሴሉን ያፈነዳዋል፣ ቀለሙ የነጭ ሴሉን ኒውክለስ ያጎላዋል። ኒውክለሱን ስታይ ነጭ ሴል መሆኑን እርግጠኛ ትሆናለህ። እሱ ስለሌለ ናሙናውን ያለ ቀለም እንዳለ ኒውባወር ቻምበር ላይ ጫንኩት። ክብ ክብ፣ የሚያበሩ፣ ትናንሽ ነገሮች አየሁ። መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። ትንሽ፣ ክብ፣ አንድ ዓይነት ከሆነ ምን ይባላል? ሊምፎሳይት። በ9ኙ ትላልቅ ካሬዎች ውስጥ 62 ቆጠርኩ። የ9ኙ ካሬዎች መጠን 0.9 ማይክሮ ሊትር ስለሆነ በ10 አባዝቶ ለ9 ማካፈል ነው። 69 ወጣ። ጤነኛ ሰው ከ5 አይበልጥም።

ስኳር 32፣ ፕሮቲን 110 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወጣ። ፕሮቲኑ ከ45 ማለፍ አልነበረበትም። የሲኤስኤፍ ስኳር የሚለካው ደግሞ ከደም ስኳር አንጻር ነው፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል መሆን አለበት፤ የደም ስኳር ግን በሰዓቱ አልተወሰደም። ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን የሚያሳይ ቀለም) ሠራሁ፣ ባክቴሪያ የለም። እዚህም እዚያም ወይን ጠጅ የሆኑ፣ ነጠብጣብ ያላቸው፣ ቀለም በወጉ ያልያዙ ክብ ነገሮች ነበሩ። የቀለም ዝቃጭ ነው ብዬ አለፍኳቸው። ኢንዲያ ኢንክ (ናሙናውን ከጥቁር ቀለም ጋር ቀላቅሎ ማየት) አልታዘዘም። ቢታዘዝም የእኛ ጠርሙስ ታች ላይ ደርቆ ተጋግሮ ነበር።

ወረቀቱ ላይ «69 ሴል፣ 100% ሊምፎሳይት» ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ሻይ ጠጣሁ።

## ወረቀቱ ያሳሳተው

ቅዳሜ ጠዋት ውጤቱን ያየ ማንኛውም ሐኪም ያንኑ ይወስን ነበር። ለሳምንታት የቆየ ሕመም፣ ሊምፎሳይት የበዛበት ጥርት ያለ ውሃ፣ ስኳር ዝቅ፣ ፕሮቲን ከፍ። እኛ አገር ይህ ሥዕል የሚመራው ወደ ቲቢ ማጅራት ገትር ነው፤ መጽሐፉም እንዲያ ይላል። የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። ለቲቢው ማጅራት ገትር ተገቢ የሆነው ዴክሳሜታሶንም ተጨመረ። ለማንኛውም ተብሎ የባክቴሪያ መድኃኒት ሴፍትሪያክሶንም አለ። የቀረችው ግማሽ ሚሊ ሊትር ቲቢን ወደሚለየው ማሽን፣ ጂን ኤክስፐርት፣ ሄደች፣ ሰኞ ዕለት «ቲቢ አልተገኘም» ብላ ተመለሰች።

ይቺን መልስ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም፤ አለመቁጠራቸውም ትክክል ነበር። በሲኤስኤፍ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ ቁጥሩ ትንሽ ነው። አልትራ የሚባለው አዲሱ ካርትሪጅ በሚሊ ሊትር 16 ያህል ባክቴሪያ ካገኘ ይይዛል፣ የበፊቱ 113 ያህል ይፈልግ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ኔጋቲቭ ስላለ ቲቢ የለም አይባልም፣ በግማሽ ሚሊ ሊትር ከሆነማ ጭራሽ።

ሰውየው እየባሰበት ሄደ። እሑድ ማታ ሲጮህ አደረ። ማክሰኞ ጠዋት የባለቤቱን ስም መጥራት አቃተው።

## ማክሰኞ

ባለቤቱ ሰኞ ማታ ሬዚደንቷን ኮሪደር ላይ ለብቻ አስቁማ ነገረቻት። ኤችአይቪ አለበት። መድኃኒቱን ካቋረጠ 8 ወር ሆኖታል። ወንድሟ ስለማያውቅ እሱ ባለበት መናገር አልቻለችም። ይህን በሴትየዋ ላይ ስህተት አድርጎ የሚያይ ካለ አልስማማም፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው በቆመበት «ሌላ የቆየ በሽታ አለ?» ብሎ ጠይቆ እውነት መጠበቅ የኛ ጥፋት ነው።

ሬዚደንቷ በስልክ አልጠየቀችኝም። ራሷ ላብ መጣች።

«አንተ፣ እነዚያን ሊምፎሳይቶች በደንብ አይተሃቸዋል?»

ጥያቄዋ አናደደኝ። ፊቴ ላይም ሳይታወቅ አልቀረም። ከዚያ የግራም ስላይዱን ከሳጥን አወጣሁ (ስላይድ ለአንድ ሳምንት ማቆየት ልማዳችን ነው፣ ዕድሜ ለአለቃችን)፣ ዘይት ጠብ አድርጌ በ100ው ሌንስ ገባሁበት። የቀለም ዝቃጭ ያልኳቸው አሁንም አሉ። አንዱ ላይ ቆምኩ። ጎኑ ላይ ትንሽ ሌላ ክብ ተለጥፋበታለች፣ የተያያዙበት አንገት ቀጭን ነው። ልጅ ያዘለች እናት ማለት ነው። ሊምፎሳይት ደግሞ ልጅ አያዝልም።

ክሪፕቶኮከስ ነው። በአፈርና በወፍ ኩስ ውስጥ የሚኖር የፈንገስ ዘር፣ በትንፋሽ የሚገባ፣ የሰውነት መከላከያው ሲደክም ወደ አንጎል የሚወጣ። ከሊምፎሳይት ጋር በመጠን ይቀራረባል፣ ያለ ቀለም ሲያዩት ሁለቱም ክብ ናቸው። ይህ መምታታት ተማሪ ሳለን የተነገረን ነው። ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ ሁሉ!

## ሁለተኛው ውሃ

የባለቤቱ ወንድም አሻፈረኝ አለ። «መጀመሪያ ውሃ ቀድታችሁበት ነው የባሰበት፣ ዶክተር። እንደገና አይነካም።» ከእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እላለሁ። ሬዚደንቷ ክዳኑ የታሸገ ድስት ምሳሌ አድርጋ ነው ያስረዳችው፤ ፈንገሱና ዙሪያውን የለበሰው ካፕሱል ውሃው የሚወጣበትን መንገድ ይደፍነዋል፣ ውስጡ ያለው ግፊት አንጎሉንና የዓይን ነርቩን እየጨቆነ ነው፣ ማስተንፈስ አለብን። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ «እኔ አጠገቡ ቆሜ» ብሎ ፈቀደ።

ማኖሜትር አሁንም የለም። የግሉኮስ መስጫ ላስቲክ ቆረጡ፣ ከመርፌው ጋር አገናኙ፣ ላስቲኩን በፕላስተር ከስታንድ ጋር አስረው ጎኑ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ለጠፉ። ዜሮው ከመርፌው መግቢያ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ሰውየው በጎኑ መተኛት አለበት። ውሃው ላስቲኩ ውስጥ ወጣ፣ ወጣ፣ 40 ሴንቲ ሜትር አልፎ ከላይ ፈሰሰ። ከ25 በላይ ከሆነ አደጋ ነው። 25 ሚሊ ሊትር ያህል ቀስ ብለው ቀዱለት፣ ከ20 በታች ወረደ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። ወንድምየው ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተከራከረም፣ እንደውም «ዛሬስ አይቀዳለትም ወይ?» እያለ የሚያስታውሰው እሱ ሆነ።

ወደ እኔ ሦስት ቱቦ መጣ፣ በደንብ የሞላ። በ15 ደቂቃ ውስጥ። ያመጣውም የዋርዱ ሠራተኛ ነው፣ ክፍያው በኋላ ይሁን ተብሎ።

## ቀለሙ

ኢንዲያ ኢንክ የለም። ባልደረባዬ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሥዕል ጥቁር ቀለም ገዝቶ መጣ። የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ኢንዲያ ኢንክ በመሠረቱ የካርቦን ብናኝ ያለበት የጽሕፈት ቀለም ነው።

የመጀመሪያው ስላይድ ከሸፈ። ቀለሙ ወፍራም ነበር፣ ሁሉም ነገር ከሰል ሆነ። ቀለሙን በእኩል ሳላይን አቀጠንኩት። ከዚያ ቀለሙን ብቻውን ስላይድ ላይ አድርጌ አየሁ፣ ምክንያቱም ተከፍቶ የቆየ ቀለም ራሱ ሻጋታ አብቅሎ ሊያሳስት ይችላል። ንጹሕ ነው። ሲኤስኤፉን በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሬ ከታች ከዘቀጠው አንድ ጠብታ ወስጄ ከቀለሙ ጋር ቀላቀልኩና ሸፈንኩት። ጥሩ ስላይድ ማለት ከሥሩ ጋዜጣ ቢቀመጥ ፊደሉ የሚነበብበት ነው።

በ10ሩ ሌንስ ገና ሳልጠጋ ታዩ። ጥቁሩ ላይ የተበተኑ ነጭ ዓይኖች፣ ልክ የጥቁር ጤፍ እንጀራ ዓይን። በ40ው ስጠጋ እያንዳንዱ ዓይን መሃል ላይ የምታበራ ክብ ሴል አለች። ነጩ ካፕሱሉ ነው፣ የቀለሙን ብናኝ አያስገባም፣ ስለዚህ ዙሪያው ብርሃን ይሆናል። ሊምፎሳይት አንዳንዴ ትንሽ ብርሃን ይሠራል፣ ግን ዳርቻው ብዥ ያለ ነው፣ ውስጡም ድርብ ግድግዳ የለውም።

ተርክስ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ ተዋስን። እንደገና ቆጠርኩ። ነጭ ሴሎቹ፣ ሐምራዊ ኒውክለስ ያላቸው እውነተኞቹ፣ 4 ናቸው። አራት! የቀሩት ክቦች በሙሉ ፈንገስ። አሲዱ አላፈነዳቸውም፣ ቀለሙም ኒውክለስ አላሳየባቸውም። የአርቡ 69 ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ሰውየው ሊምፎሳይት የሚያመርት አቅም እንኳ አልነበረውም፤ በገፋ ኤችአይቪ ውስጥ ሲኤስኤፉ «ንጹሕ» መምሰሉ ራሱ መጥፎ ምልክት ነው።

## የደበዘዘችው መስመር

ክራግ የምንለው የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን ስትሪፕ በእኛ ላብ የለም ነበር። 50 ሜትር ርቆ ባለው የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍል መሳቢያ ውስጥ ግን ነበር፣ ሲዲ4 የሚባለው የመከላከያ ሴሉ ከ100 በታች ለሆነ ሰው ደም ማጣሪያ የመጣ። አርብ ሌሊትም እዚያው ነበር፣ ተቆልፎ። ይህ እስከ አሁን ያበሳጨኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጠብታ ማቅጠኛ፣ 40 ማይክሮ ሊትር ናሙና፣ ስትሪፑን መንከር፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ። ሁለት መስመር ከመጣ ፖዘቲቭ። በኢንዲያ ኢንኩ ያን ሁሉ መዓት እያየሁ መስመሩ ወፍራም ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። የመጣችው ግን በመስኮት ብርሃን ካላዘነበልኳት የማትታይ፣ የደበዘዘች መስመር ናት።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። አንቲጂኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ ስትሪፑ ላይ ያሉትን አንቲቦዲዎች ለየብቻ ይዞ ያጨናንቃቸዋል፣ መሃል ላይ የሚያገናኝ ድልድይ አይሠራም፣ መስመሩ ይደክማል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ፕሮዞን ይሉታል። በጣም ብዙ በሽታ ያለበት ሰው ኔጋቲቭ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ናሙናውን አንድ ለ10 አቅጥኜ ደገምኩት። መስመሩ እንደ ኩል ጠቆረ። እስከ አንድ ለ2560 ድረስ አቀጠንኩ፣ አሁንም ፖዘቲቭ። እዚያ ላይ ያቆምኩት ስትሪፑ የኤአርቲ ክፍሉ ስለሆነና ነርሷ በር ላይ ቆማ ስለምታየኝ ነው።

ከኢንዲያ ኢንክና ከክራግ አንዱን ምረጥ ብባል ያለማመንታት ክራግን እመርጣለሁ። ክራግ በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 99ኙን ያህል ይይዛል። ኢንኩ ፈንገሱ ሲበዛ ጎበዝ ነው፤ በሚሊ ሊትር ከ1000 በታች ሲሆን ግን ከግማሽ በላዩን ይስታል፣ ላዩ ላይ ደግሞ የተመልካቹ ድካም አለ። ኢንኩ የሚያዋጣው ርካሽ ስለሆነና ስትሪፕ ሲያልቅ ነው።

ሦስተኛው ቱቦ ለካልቸር ወደ ክልሉ ላብ ተላከ፣ እኛ ጋ ካልቸር የለም። ሳቡሮ አጋር በሚባለው ማብቀያ ላይ በ4ኛው ቀን ክሬም የመሰለ፣ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ የፈንገስ ክምችት በቀለ፣ ዩሪኤዝ የሚባለው መለያ ምርመራም ፖዘቲቭ። ለቲቢውም በዚህ ጊዜ 6 ሚሊ ሊትር አሽከርክረን ዝቃጩን ለአልትራ ሰጠን። አሁንም ኔጋቲቭ።

## ሕክምናው

ይህ የኔ ሙያ ስላልሆነ በአጭሩ። ዴክሳሜታሶን በዚያው ዕለት ቆመ። በ2016 የወጣ፣ እስያና አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ይህ መድኃኒት ለክሪፕቶኮከስ ሲሰጥ የፈንገሱን መጥፋት እንደሚያዘገይና የአካል ጉዳትን እንደሚጨምር አሳይቶ ሳይጠናቀቅ ቆሟል። የኛ ሰውዬ 4 ቀን ወስዶታል፣ ምክንያቱም የኔ ወረቀት ነው። የቲቢ መድኃኒቱም ከቡድኑ ውይይት በኋላ ቆመ፣ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ደግሞ የፈንገስ መድኃኒቱን የፍሉኮናዞልን መጠን ደም ውስጥ ያወርዳል።

ፍሉኮናዞል 1200 ሚሊ ግራም ወዲያው ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ የሚመክረው አንድ ከፍተኛ ዶዝ ላይፖሶማል አምፎተሪሲንን፣ ከ14 ቀን ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ጋር ነው። ፍሉሳይቶሲን አላገኘንም። ተራው አምፎተሪሲን ቢ ከሌላ ሆስፒታል እስኪመጣ 2 ቀን ፈጀ። እሱ ፖታሲየም ይጥላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ደም ወደኛ ይመጣ ነበር፣ አንዴ ፖታሲየሙ ወደ 2.6 ወርዶ ስልክ ደውዬ ነው የነገርኳቸው። ውሃው 5 ጊዜ ተቀዳለት። ኤችአይቪ መድኃኒቱ የተጀመረው ከ5 ሳምንት በኋላ ነው፤ ቶሎ ከተጀመረ የነቃው የሰውነት መከላከያ ራሱ አንጎል ውስጥ ረብሻ ይፈጥራል።

በእግሩ ሄዶ ወጣ። ግራ ዓይኑ ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። ማክሰኞን ሳንጠብቅ ቅዳሜ አውቀነው ቢሆን ኖሮ ዓይኑ ይተርፍ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን እጠይቃለሁ።

## ለሌላ ላብ የሚሆነው

ያለ ቀለም የተቆጠረ ሲኤስኤፍ ላይ የሴል ዓይነት አትጻፉ። «ቁጥሩ ይህ ነው፣ ዓይነቱን መለየት አልተቻለም፣ ተርክስ የለም» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ሐኪሙን አያሳስትም። ዓይነት መለየት ካለባችሁ አሽከርክራችሁ ስላይድ አድርቃችሁ ራይት ወይም ጂምሳ ቀለም ቀቡት።

ኤችአይቪው ያለበት ወይም ያልታወቀ አዋቂ ሰው ሲኤስኤፍ ከመጣ ክራግ ሳይታዘዝም ይሠራ። እኛ ጋ ይህን ለማስፈቀድ 3 ወር ደብዳቤ ተጻጻፍን፣ አሁን ሌሊት ተረኛው ጋ 5 ስትሪፕ ይቀመጣል። የሐኪሙ ጥርጣሬ ጠንካራ ሆኖ መስመሩ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ አቅጥኖ መድገም ነው፣ አንድ ስትሪፕ ነው የሚያስወጣው።

ብዛት። አዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ሲኤስኤፍ ያመርታል፣ 10 ሚሊ ሊትር ቢወሰድለት ምንም አይሆንም። 1.5 ሚሊ ሊትር ልኮ ስድስት ምርመራ ማዘዝ ግን ስድስቱንም ማበላሸት ነው።

የደም ስኳር ከመርፌው በፊት ይወሰድ። ጣት ወግቶ በግሉኮሜትር ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ እሱ ከሌለ የሲኤስኤፉ 32 ምን ማለት እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

አሜሪካ ላብ ውስጥ የሚሠራ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «እኛ ጋ እኮ ማሽኑ በአንድ ሰዓት 14 ዓይነት ይለያል» አለኝ። ጥሩ ማሽን ነው፣ ቢኖረን አልጠላም። ነገር ግን ያ የ14ቱ ምርመራ ራሱ ክሪፕቶኮከስን የሳተባቸው ጉዳዮች ተመዝግበዋል። ጠይቄው፣ እነሱም ሲጠረጥሩ ጎን ለጎን ክራግ እንደሚሠሩ ነገረኝ።

ያልተስተካከለው ብዙ ነው። ናሙናው አሁንም አብዛኛውን ጊዜ በአስታማሚ እጅ ነው የሚመጣው፣ ካሸሩም እዚያው ነው። ማኖሜትሩ አሁንም የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የምርመራ ወረቀቱ ሳጥን ከሦስቱ በአንዱ ባዶ ይመጣል፤ ልዩነቱ አሁን መደወሌ ነው፣ አንዳንዱ ተረኛ ይቆጣኛል።

ሰውየው በየወሩ መድኃኒቱን ሊወስድ ይመጣል። ባለፈው የባለቤቱ ወንድም አብሮት ነበር፣ አሁን ሁሉንም ያውቃል። ላብ መስኮት ላይ አገኙኝና ሰላም ተባባልን። የመጀመሪያውን ሌሊት ያነሳው ወንድምየው ነው፣ ያን ውሃ በጋቢ ይዤ ስሮጥ ብሎ። እኔም ነገርኳቸው፤ በትክክል እንዳላነበብኩት፣ ቀለምም እንዳልነበረኝ። ታካሚው በደህናው ዓይኑ አየኝና ዝም አለ።

ወንድምየው ነው የተናገረው። «አሁንስ ቀለሙ አለ?»

«አለ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

መሳቢያውን ከፍቼ አወጣሁለት። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበት ቀን ተጽፏል። አገላብጦ አየው፣ ነቅነቅ አድርጎ ሰማው፣ መለሰልኝ።